ፀሐይ መጀመሪያ የምትመታው አዲስ መጪውን ነው

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ የዛሬው ረዘም ይላል። ሻይ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ፀሐይ መትታቸው ሞቱ ብዬ የማስባቸው ሁለት ሰዎች አሉ። አንደኛው 2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 4 ላይ ያለው የሱነማዊቷ ልጅ ነው። አባቱ ወዳለበት፣ ወደ አጫጆቹ ሄደ፤ ራሱን ታመመ፤ ተሸክመው ወደ እናቱ ወሰዱት፤ ቀትር ላይ ጉልበቷ ላይ እንዳለ አረፈ። (ኋላ ኤልሳዕ አስነሥቶታል።) ሁለተኛው የዮዲት ባል ምናሴ ነው። ዮዲት ምዕራፍ 8 እንደሚለው፣ በገብስ አጨዳ ጊዜ ነዶ የሚያስሩትን ሰዎች ቆሞ ሲያሠራ ሙቀቱ ራሱን መታው፤ ተኛ፣ በዚያው ሞተ።

ልብ በሉ፤ ስለ አጫጆቹ መሞት የተጻፈ ነገር የለም። የሞቱት አንድ ለጋ ልጅና አንድ ባለጸጋ የእርሻ ጌታ ናቸው፤ ማለትም ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ መዋል ያልለመዱት። ይሄ የኔ ንባብ ነው፣ ትርጓሜ መምህራን ይታዘቡኝ። ነገር ግን ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ ሳይንስ የደረሰበት ነገር ከዚህ ጋር ይገጥማል። ሙቀት ቀድሞ የሚጥለው እንግዳውን ነው።

ይህን የምጽፈው ለወሬ ማድመቂያ አይደለም። ከእናንተ መካከል ሪያድ፣ ዱባይ፣ ኩዌት ያላችሁ አላችሁ። ወንድማችሁ ለሰሊጥ ሥራ ወደ ሁመራና መተማ የወረደ፣ አፋር ውስጥ መንገድ ሥራ ላይ ያለ አላችሁ። አብዛኞቻችን ደግሞ የደጋ ልጆች ነን። ከብርድ አገር ተነሥተን ሙቀት አገር የምንገባ ሰዎች ነን። ስለዚህ ይሄ ታሪክ የኛም ታሪክ ነው።

ላብና የሸክላ እንስራ

በ1775 ቻርልስ ብላግደን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ፣ ለንደን ውስጥ በምድጃ የጋለ ክፍል እየገባ ሰውነቱን ሲፈትን ነበር። በአንዱ ሙከራ ቴርሞሜትሩ 127 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እያሳየ 8 ደቂቃ ያህል ቆየበት። እዚያው ክፍል የተቀመጠ እንቁላል በ20 ደቂቃ ውስጥ ጠንክሮ በሰለ፤ ቁራጭ ሥጋም ተጠበሰ። ሰውየው ግን ደህና ወጣ።

እንቁላሉ የበሰለበት ክፍል ሰውን እንዴት ሳያበስል ቀረ? መልሱን እናቶቻችን ያውቁታል። በሸክላ እንስራ ያለ ውሃ ለምን ይቀዘቅዛል? ውሃው በሸክላው ቀዳዳ ወደ ውጭ እየወዛ ስለሚተን፣ ሲተንም ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ ነው። ሰውም እንደዚያው ነው። የሚያቀዘቅዘን ማላባችን ብቻ ሳይሆን የላቡ መትነን ነው።

በ1905 ደግሞ ጆን ስኮት ሃልዴን የተባለ የሰውነት አሠራር ተመራማሪ፣ የማዕድን ጉድጓዶችን ሙቀት አጥንቶ አንድ ትልቅ ነገር አሳየ። ወሳኙ ተራ ቴርሞሜትር የሚያነበው ቁጥር አይደለም። ቴርሞሜትሩ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሲነበብ የሚያሳየው ቁጥር ነው። ያ ቁጥር ነፋስ በሌለበት ቦታ ወደ 31 ዲግሪ ካለፈ ላቡ አይተንም፤ ይንጠባጠባል እንጂ። ያን ጊዜ ሰውየው ሥራ ባይሠራም እንኳ የሰውነቱ ሙቀት መውጣት ይጀምራል።

ለዚህ አማርኛችን የራሱ ቃል አለው፤ ወበቅ እንለዋለን። ምጽዋ ወይም ጅዳ የኖረ ሰው ሙቀትና ወበቅ እንደሚለያዩ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም። ደረቅ በረሃ ላይ 40 ዲግሪ የቻለ ሰው፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ከዚያ ባነሰ ዲግሪ ሊወድቅ ይችላል።

ግድቡ፣ 1931

አሁን ወደ አሜሪካ እንሂድ። ዘመኑ የታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ነው። ሥራ የለም። በኔቫዳና በአሪዞና ወሰን፣ በኮሎራዶ ወንዝ ላይ ዛሬ ሁቨር የሚባለው ግድብ ሊሠራ ነው ሲባል፣ ከየክፍለ ሀገሩ ሥራ ፈላጊ ጎረፈ። ቤተሰቡን ይዞ የመጣው ሁሉ ወንዙ ዳር ድንኳንና የጨርቅ ጎጆ ተክሎ ሰፈረ። የሠራተኞቹ ከተማ ገና አልተሠራም፤ ሥራው ግን ተጀምሯል።

በዚያ በጋ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ ወደ 49 ዲግሪ ይጠጋ ነበር። ከሰኔ 25 እስከ ሐምሌ 26 ባለው አንድ ወር ውስጥ ብቻ ከሠራተኞቹና ከወንዙ ዳር ነዋሪዎች 16 ሰዎች በሙቀት ሞቱ። ነሐሴ ላይ ሠራተኞቹ አድማ መቱ። አድማው ከሸፈ፤ ነገር ግን የመኖሪያ ከተማው ሥራ ተፋጠነ፣ የውሃውም ነገር ተሻሻለ።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ1932 በጋ፣ ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ «የድካም ላቦራቶሪ» የሚባል ክፍል ተመራማሪዎች በዴቪድ ብሩስ ዲል መሪነት እዚያው ሄደው ከሠራተኞቹ ጋር ከረሙ። ላባቸውን እየሰበሰቡ፣ ደማቸውን እየቀዱ መረመሩ። ሁለት ነገር አገኙ። አንደኛ፣ በላብ የሚወጣው ውሃ ብቻ አይደለም፣ ጨውም ነው። ብዙ ላብ ያፈሰሰ ሰው ባዶ ውሃ ብቻ ሲጋት ጡንቻው ይኮማተራል፣ ይዝላል። ሁለተኛ፣ ሙቀቱን የለመደ ሰው ላብ ከአዲሱ ሰው ላብ ይልቅ ጨው ያንሰዋል። ሰውነት ቀስ በቀስ ጨው መቆጠብ ይማራል ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ በሠራተኞቹ መመገቢያ አዳራሽ ምክሩ ብዙ ውሃ ጠጡ ከማለት አልፎ ምግባችሁ ላይ ጨው ጨምሩ የሚል ሆነ።

የወርቁ ጉድጓድ

ሁለተኛው ትምህርት ቤት ደቡብ አፍሪካ ነው። ጆሃንስበርግ አካባቢ ያለው የዊትዋተርስራንድ ወርቅ ጥልቀት አለው፤ በወረድክ ቁጥር ድንጋዩ ይግላል። በዚያ ላይ የድንጋይ ብናኝ የማዕድን ሠራተኛውን ሳንባ ስለሚበላ፣ ብናኙን ለመግደል ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ ይረጭ ነበር። ሳንባን ለማዳን የተረጨው ውሃ ጉድጓዱን ወበቅ አደረገው። ከ1924 ጀምሮ ሰዎች በሙቀት ምት መሞት ጀመሩ።

ሟቾቹ እነማን ነበሩ? በአብዛኛው ከሞዛምቢክ፣ ከባሱቶላንድ (የዛሬዋ ሌሶቶ) እና ከመሳሰሉት ቦታዎች በውል የመጡ ጥቁር ሠራተኞች፣ በተለይ አዲሶቹ። በ1930ዎቹ የማዕድኑ ሐኪሞች አዲስ ቅጥረኛን በሞቀ ክፍል ውስጥ እየፈተኑ መለየት፣ ከዚያም ለሁለት ሳምንት ገደማ ሥራውን ደረጃ በደረጃ እየጨመሩ ማላመድ ጀመሩ። የሟቹ ቁጥር በግልጽ ቀነሰ።

እዚህ ላይ ግን እውነቱን እንነጋገር። ይህ ሁሉ የተደረገው ለሠራተኛው ከማዘን ብቻ አልነበረም። ወርቁ ጥልቅ ነው፣ ሠራተኛው ሲሞት ሥራ ይቆማል። ሳይንሱ ከሒሳብ ደብተር ጋር አብሮ ነው ያደገው። ቢሆንም እውቀቱ እውቀት ነው፤ የተከፈለበት በድሆች ሕይወት ስለሆነ ደግሞ ልንጥለው አይገባም።

እውቀቱ ይሄ ነው፦ አዲስ ሰው ሙቀት ውስጥ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ሲሠራ፣ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ሰውነቱ ይለወጣል። ላብ ቶሎና በብዛት ያወጣል፣ ጨው ይቆጥባል፣ የደሙ ፈሳሽ ይጨምራል፣ ልቡ በዝግታ መምታት ይጀምራል። ይህ ጉብዝና ወይም ወኔ አይደለም፤ ጊዜ የሚወስድ የሰውነት ሥራ ነው። ደግሞም ይጠፋል። ለጥቂት ሳምንታት ወደ ደጋ ሄዶ የተመለሰ ነባር ሠራተኛ እንደገና አዲስ ነው።

የአሜሪካ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት ዛሬ የሚለው ቁጥር ያስደነግጣል። ሥራ ላይ በሙቀት ከሚሞቱት ሰዎች ግማሽ ያህሉ የሚሞቱት በመጀመሪያው የሥራ ቀን ነው። ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት። ስለዚህ ነው አዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን የሥራውን ሙቀት 20 በመቶ ጊዜ ብቻ ይቅመስ፣ ከዚያ በየቀኑ ከ20 በመቶ ባልበለጠ ይጨመርለት የሚባለው።

ባንዲራዎቹ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አንዳንድ አዛዦች ወታደርን ውሃ እየከለከሉ ጥምን ማስለመድ ይቻላል ብለው ያምኑ ነበር። አድዋርድ አዶልፍ የሚባል የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በካሊፎርኒያ በረሃ ወታደሮችን አጥንቶ በ1947 መጽሐፍ አሳተመ። ሰውነት ያለ ውሃ መኖርን አይለምድም። ደግሞም ሰው ውሃ አጠገቡ እያለ እንኳ በሚሠራበት ሰዓት በላብ ያጣውን ያህል አይጠጣም። ጥም ዘግይቶ የሚመጣ መልእክተኛ ነው።

በ1950ዎቹ ደግሞ በፓሪስ ደሴት (ፈረንሳይ አይደለም፣ ደቡብ ካሮላይና ውስጥ ያለ የባሕር ኃይል ወታደሮች ማሠልጠኛ ነው) ምልምሎች በሙቀት እየተዝለፈለፉ ሲያስቸግሩ፣ ያግሉና ሚናርድ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አንድ መለኪያ አበጁ። ሦስት ቴርሞሜትር ነው፤ አንዱ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ፣ አንዱ በጥቁር ሉል ውስጥ ሆኖ የፀሐዩን ግለት የሚለካ፣ አንዱ ተራ። ከመጨረሻው ቁጥር ውስጥ የእርጥቡ ድርሻ 70 በመቶ፣ የጥቁሩ 20፣ የተራው 10 ነው። ወበቁ ምን ያህል ሚዛን እንደሚደፋ አያችሁ? በቁጥሩ መጠን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ወይም ጥቁር ባንዲራ ይሰቀላል። ጥቁር ከተሰቀለ ከባድ ልምምድ የለም፣ በቃ።

ይህ መለኪያ ዛሬ የኛ ሰዎች ያሉበት ደርሷል። ኳታር በ2021 ባወጣችው ደንብ፣ ከሰኔ 1 እስከ መስከረም 15 በየቀኑ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ፀሐይ ላይ ማሠራት ክልክል ነው። በማንኛውም ሰዓት ደግሞ ያ የፓሪስ ደሴት መለኪያ 32.1 ካለፈ ሥራ ይቆማል። ሳዑዲ፣ ኩዌት፣ ኤምሬትስም የየራሳቸው የቀትር እገዳ አላቸው። ያላወቃችሁ እወቁት፤ መብታችሁ ነው።

ግን ደንቡ የሚናገረው ስለ ውጭ ሥራ ነው። አብዛኞቹ እህቶቻችን ያሉት ቤት ውስጥ ነው። ማቀዝቀዣ በሌለው ኩሽና የምትቆመዋን፣ ሐምሌ ላይ ጣሪያ ወጥታ ምንጣፍ የምታጥበዋን ያ የቀትር እገዳ አይደርስላትም። በኦቦክ በኩል ለመሻገር የጂቡቲን በረሃ በእግሩ የሚያቋርጠውንማ ማን ያውቀዋል። እሱ የሚላመድበት ሳምንት የለውም፤ ውሃውም በያዘው ጀሪካን ልክ ነው። በየዓመቱ በዚያ መንገድ ላይ በጥም የቀሩ አሉ።

መካንም አንርሳ። በ2024ቱ ሐጅ ሙቀቱ ታላቁ መስጊድ አካባቢ 51.8 ዲግሪ ደርሶ ነበር። የሳዑዲ መንግሥት ያመነው የሟች ቁጥር 1,301 ነው። ከእነዚህ ውስጥ 83 በመቶው የሐጅ ፈቃድ ያልነበራቸው ናቸው ተብሏል። ፈቃድ የሌለው ማለት የሚቀዘቅዝ ድንኳን የሌለው፣ አውቶቡስ የሌለው፣ በፀሐይ በእግሩ የሚሄድ ማለት ነው። ጥላና ውሃ ለሁሉም እኩል አይደርስም።

የወደቀን ሰው ማትረፍ

ከዚያችው መካ ግን አንድ ጥሩ ነገር ወጥቷል። በ1980 ሙስጠፋ ኾጋሊና ዋይነር የተባሉ ተመራማሪዎች ለሐጃጆች የሠሩትን ማቀዝቀዣ አልጋ ለዓለም አሳወቁ። በሽተኛው መረብ ላይ ይተኛል፤ ደቃቅ ውሃ ይረጭበታል፤ አየር ይነፋበታል። የእንስራው ጥበብ ነው፣ ሌላ አይደለም። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ፋልመዝ በሚባል ከተማ በየዓመቱ በሚደረግ የሩጫ ውድድር ላይ ደግሞ በ18 ዓመት ውስጥ 274 ሯጮች የሙቀት ምት ደርሶባቸዋል። እዚያው በበረዶ ውሃ ገንዳ ውስጥ ስለተነከሩ አንድም አልሞተም። ትምህርቱ አጭር ነው፦ መጀመሪያ አቀዝቅዝ፣ ከዚያ ወደ ሐኪም ቤት ውሰድ። አምቡላንስ ስትጠብቅ እጅህን አጣጥፈህ አትቁም።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። እኛ አገር «ምች መታኝ» እንላለን። ራስ ምታት፣ ትኩሳት፣ የከንፈር ቁስል ሲመጣ ዳማከሴ ታሽቶ ይሸተታል፣ ጭማቂው ይጠጣል፣ ከዚያ ተከናንቦ ማላብ ነው። ከዳማከሴ ጋር ጠብ የለኝም። ግን ምችና የሙቀት ምት አንድ አይደሉም። በሙቀት ምት የተመታ ሰው ሰውነቱ 40 ዲግሪና ከዚያ በላይ ገብቷል። ያንን ሰው በብርድ ልብስ መጠቅለል ምድጃ ላይ እንጨት መጨመር ነው።

ሌላም አለ። የሙቀት ምት መጀመሪያ የሚነካው አእምሮን ነው። ሰውየው ይዘባርቃል፣ ይቆጣል፣ ይንገዳገዳል፣ የት እንዳለ አያውቅም። ከዚያ ሰዎች «ሰክሯል» ይላሉ፤ ወይም «የቀትር ጋኔን ለከፈው» ይላሉ። ጸሎቱን ማንም አይከለክልም፤ ግን ውሃ እያፈሰሳችሁ ጸልዩ።

ስለዚህ እንዲህ እወቁት፦

ሰውየው ጡንቻው ከተኮማተረ፣ ከዛለ፣ ካላበው፣ ካቅለሸለሸው፣ ራሱን ካዞረው፣ ግን አእምሮው ደህና ከሆነ በሙቀት ዝሏል። ሥራ አቁሞ ጥላ ውስጥ ይተኛ፣ ልብሱ ይላላ፣ ውሃ ወይም ኦ አር ኤስ እየተጎነጨ ይጠጣ። ካልተሻለው ወደ ሐኪም። በዚያ ቀን ወደ ሥራ አይመለስም።

ከዘባረቀ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ራሱን ከሳተ የሙቀት ምት ነው፤ ሰከንድ አታባክኑ። «ላብ ስላለው ደህና ነው» አትበሉ። ሥራ ላይ የወደቀ ሰው ብዙ ጊዜ እያላበው ነው የሚመታው። እርዳታ ጥሩ። ልብሱን አውልቁ። በርሜል ወይም ገንዳ ካለ ጭንቅላቱን ደግፋችሁ እስከ አንገቱ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስገቡት። ከሌለ በጀሪካን ውሃ አፍስሱበት፣ ነጠላም ሻሽም ነክራችሁ ሰውነቱን ሸፍኑ፣ ቶሎ ቶሎ ቀይሩ፣ በካርቶን አራግቡ። በረዶ ከተገኘ አንገቱ፣ ብብቱና ብሽሽቱ ላይ። ራሱን ለሳተ ሰው አፉ ውስጥ ምንም አትጨምሩ። ፓራሲታሞል ለዚህ አይሠራም።

ሳይወድቁ ለመዳን ደግሞ፦ ሥራ ላይ ሳይጠማችሁ በየ15 እና 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ውሃ። በሰዓት ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ ግን አትጋቱ፤ ምግብ ሳይበሉ ባዶ ውሃ ማብዛትም ይጎዳል። ምሳችሁን ብሉ፣ ጨው ከምግብ ይገኛል። ሽንታችሁ ከጠቆረ ውሃ አንሷችኋል። ብቻችሁን አትሥሩ፤ የሚዘባርቅ ሰው መዘባረቁን ራሱ አያውቅም፣ የሚያውቀው ጓደኛው ነው። ተቅማጥ ወይም ትኩሳት ይዟችሁ ፀሐይ ላይ አትውጡ። ለደም ግፊት ሽንት የሚያሸና መድኃኒት የምትወስዱ ካላችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ከሁሉም በላይ ደግሞ የመጀመሪያውን ሳምንት ጠብቁት። አዲስ የገባው ልጅ ዘገም ሲል «ሰነፍ» አትበሉት፤ ቡድን መሪ የሆናችሁ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ከነባሩ እኩል አታሠሩት። እንደዚያ መሥራት እንደሚገድል ከታወቀ 90 ዓመት ሊሞላው ነው።

በዚህ ሰሞን ወደ ቆላ የሚወርድ ወይም ወደ ዓረብ አገር የሚሄድ ሰው ካላችሁ ይህን ላኩለት። ማንበብ የማይችል ከሆነ ደውላችሁ አንብቡለት። ሙቀት አገር የምትኖሩ ደግሞ እናንተ ያላችሁበት ቦታ እንዴት እንደሆነ ከታች ጻፉልን፤ እኛ ደጋ የተቀመጥነው ከእናንተ እንማር።